ሮዶራ ሥራ ሄዳለች

እኛ ሰፈር፣ ሞሎ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው የሚሄድበት አለው። ተማሪው በባጃጅ ተጠቅጥቆ ያልፋል፤ ዓሣ ሻጮቹ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ከገበያ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ የትንሿን ሱቄን መስኮት ከፍቼ ሳሙናውን፣ ሩዙንና የልጆቹን ከረሜላ እደረድራለሁ። ስሜ ፑሪንግ ነው። ሰፈሩ ማናንግ ፑሪንግ ይለኛል፤ ታላቅ እህት እንደማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ የጎረቤቴን ገመና ለማውጣት አይደለም። ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ስለነበረ ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ቤት የሮዶራ ነው። ባሏ አርኑልፎ ወደ ጊማራስ ደሴት በሚሻገሩት ጀልባዎች ላይ ይሠራል፤ ማልዶ ይወጣል። ማይሊን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው። የባሏ አባት ታታይ ዴልፊንም አብሯቸው ይኖራል፤ ታታይ አባባ እንደማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጂፕኒ የሚባለውን የሕዝብ ታክሲ ነድቶ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው።

ሮዶራ የምትሠራው በኢንተርኔት ነው። አሠሪዋ ወይዘሮ ሄለን አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ከተማ ውስጥ አበባ ትሸጣለች። ሰው አበባ ሲያዝዝ ትእዛዙ ሮዶራ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። የትኛው አበባ ለማን እንደሚላክ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍ አስተካክላ ለሱቁ ሠራተኞች የምታስተላልፈው እሷ ናት። ውሏ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው።

እኛ ግን ሮዶራን እንደ ሠራተኛ ቆጥረናት አናውቅም። ቤት ናት። መስኮቷ ክፍት ነው። ተቀምጣለች። የሰፈሩ ዕቃ ሁሉ እሷ ዘንድ ይራገፋል፤ የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣው ሰው የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። የባሏ እህት ሉርዴስ ሕፃን ልጇን እጇ ላይ አስቀምጣላት ፀጉሯን ልትሠራ ትሄዳለች። እኔም ብሆን በቀን ሁለቴ ብቅ እላለሁ። "ኢንዳይ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ሱቁን እይልኝ" እላታለሁ፤ ለወጣት ሴት በፍቅር የምንለው ነው፣ ኢንዳይ። የእኔን አምስት ደቂቃ ታታይ ዴልፊን በሰዓት ለክቶት ያውቃል፤ አርባ ይሞላል።

ሮዶራ እምቢ ማለት አታውቅም። ነገር ግን ሁሉን በእኛ ላይ አልጭንም፤ እሷም በራሷ ላይ ሥራ ታበዛ ነበር። ቤት ስለሆነች ሁሉንም ጎን ለጎን የምታደርስ ይመስላታል። አንድ ደብዳቤ ትመልስና ልብስ ትዘፈዝፋለች፤ አንድ ትእዛዝ ትጀምርና ባቄላ ትጥዳለች። ስልኳ አጠገቧ ቆሞ ቀሚስ ሻጯ በቀጥታ ስርጭት ስትለፈልፍ እሷም "የሰማያዊው ዋጋ ስንት ነው?" ብላ ትጽፋለች።

"ዛሬ ምን ያህል ሠራሽ?" አላት አንድ ቀን ታታይ ዴልፊን።

"ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ታታይ።"

"አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስትነሺ ቆጥሬያለሁ እኮ።"

"እሱ መነሳት አይባልም፣ ለአንዳንድ ነገር ነው።"

ሥራው በሰዓቱ ስለማያልቅ እራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ከሩዙ ሳህን ጎን ይቀመጣል። ሮዶራ በአንድ እጇ ትጎርሳለች፣ በሌላው ትጽፋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ማይሊን ሱቄ መጥታ ከረሜላ ሳትገዛ ቆመች።

"ማናንግ፣ ለዲናግያንግ በዓል ከሚጨፍሩት ውስጥ ተመረጥኩ" አለችኝ።

"ጎሽ! እናትሽ ምን አለች?"

"'አንድ ደቂቃ ጠብቂኝ' አለችኝ። እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።"

ልጅቷ ያለችኝ ቆርጦኝ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ያው "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብዬ ሄድኩ። ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ሮዶራ ሁለት ካርድ እየጻፈች ነበር። አንደኛው ጡረታ ለሚወጣ መምህር ከባልደረቦቹ የተላከ ነው፤ ሁለተኛው ለለቅሶ ቤት። "ማናንግ፣ እነዚህን ልጨርስና..." ብላ ጀመረች። እኔ ግን ዕቃ የጫነው መኪና ጥሎኝ እንዳይሄድ እየተጣደፍኩ ነበርና ሳላስጨርሳት ሱቁን ጥዬላት ሮጥኩ። ስመለስ ቤቷ የጣደችው ባቄላ አርሯል፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሮዶራ ድስቱን አወረደች፣ መስኮት ከፈተች፣ እጇን ሳታደርቅ ካርዶቹን ጨርሳ ላከች።

በማግስቱ ወይዘሮ ሄለን ደወለች። ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቢጫ የሱፍ አበባ ከፊኛ ጋር ደርሷል። ካርዱም እንዲህ ይላል፦ "እንኳን ደስ አለህ። በመጨረሻ አረፍክ። ባልደረቦችህ።" ለመምህሩ የደረሰው ደግሞ የነጭ አበባ ጉንጉን ነው፤ "በድንገተኛው መለየትህ ልባችን ተሰብሯል" የሚል ጽሑፍ አለበት።

መምህሩ ስቆ ጉንጉኑን ግብዣው ላይ አንገቱ ላይ አጥልቆ ዋለ አሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ግን አልሳቀችም። ማን ይስቃል? ወይዘሮ ሄለን ራሷ ሄዳ ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሮዶራ ላይ አልጮኸችም። "በሥራሽ ጨዋ ሰው ነሽ። ግን ሐሳብሽ እኔ ዘንድ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሥራሽን ልይ" ብላ ዘጋች።

ያን ቀን ማታ ሁላችንም እነሮዶራ በር ላይ ተቀመጥን። ሮዶራ ስለ ፊኛው ስትናገር ትስቃለች፣ ስለ ሴትዮዋ ስትናገር ታለቅሳለች።

"ቤት ተቀምጦ ደግሞ ሥራ በዛብኝ ይባላል?" አለች ሉርዴስ። "ጥላ ሥር ነሽ፣ አለቃ አጠገብሽ የለም፣ የፈለግሽ ጊዜ ትነሻለሽ።"

እኔም ደገፍኳት። "ሰዓቱ በእጅሽ አይደል? ቀን ያልሠራሽውን ማታ ትሠሪዋለሽ" አልኩ። ስለ አርባዋ ደቂቃ ትንፍሽ አላልኩም።

ታታይ ዴልፊን ጉልበቱን እያሸ፣ "እኔ ጂፕኒዬ በር ላይ ቆማ ሳለች እረፍት አልነበረኝም" አለ። "አንዱ ሩዝ አምጣልኝ ይላል፣ ሌላዋ አክስቴን ከሐኪም ቤት መልስልኝ ትላለች። ሞተር አስነስቼ ከታጠፍኩ በኋላ ግን ማንም አይጠራኝም። እኔም ብሆን መሪውን ከያዝኩ ልብስ ማጠብ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ችግርሽ አትሄጂም።"

"ወዴት ልሂድ፣ ታታይ? ሥራው እዚሁ ነው እኮ።"

"ከቤት ወጥተሽ አደባባዩን ዞረሽ ነያ።"

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ሰኞ ጠዋት ግን ሮዶራ ፀጉሯን አስይዛ፣ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳ አንግታ ከቤት ወጣች። ማይሊንን ሳመቻት፤ በሱቄ በኩል ስታልፍ፣ "ማናንግ፣ ሥራ ሄድኩ" አለችኝ። አደባባዩን ዞረች፣ በኋላው መንገድ ታጠፈች፣ በኩሽናው በር ገባች። ከኩሽናው ቀጥሎ የሩዝ ጆንያ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። ኮምፒውተሯን እዚያ አስገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ሮዶራን ፀሐይ መታት እንዴ አልኩ በሆዴ።

ታታይ ዴልፊን የፊት ለፊቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ስልኳ እሱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሉርዴስ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች።

"ሮዶራ የለችም?"

"ሥራ ሄዳለች።"

"ድምፅዋ ይሰማኛል እኮ፣ ታታይ።"

"ከሥራ ቦታዋ ነው የሚሰማሽ።"

"የሥራ ቦታዋ የት ነው?"

"ከኩሽናው ቀጥሎ።"

"ታዲያ አለች ማለት አይደል እንዴ?"

"ባልሽ ባንክ ቤት ዘበኛ ነው። ልጅቷን እዚያ ወስደሽ ታሳቅፊዋለሽ?"

"ኧረ እሱ ሥራ ላይ ነው።"

"እሷም ሥራ ላይ ናት።"

ሉርዴስ ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። "ታዲያ ልጄን ማን ይይዝልኛል?" አለች።

"እኔ። አያቷ አይደለሁ? ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው ጡረታ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

እኔስ? ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ለካ ሮዶራ ኮርታለች፣ ጎረቤት ንቃለች አልኩ። በአራተኛው ቀን ስሄድ ታታይ ዴልፊን፣ "ፑሪንግ፣ ሱቅሽን ዘግተሽ ብትሄጂ ምን ይሆናል?" አለኝ። ካርቶን ላይ "እመለሳለሁ" ብዬ ጽፌ ሰቀልኩና ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ሁለት ልጆች ከረሜላ ሊገዙ ቆመው ነበር። የደረሰው ጉዳት ይኸው ነው። ስንት ወር ሙሉ የሰው ሥራ ያቋረጥኩት ለዚህ ኖሯል።

ሮዶራ ውስጥ ምን ታደርግ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ገና እንደገባች፣ አእምሮዋ ሳይደክም፣ ካርዶቹን ትሠራለች። ስሙን፣ አበባውን፣ ቃሉን ጮክ ብላ ታነባለች፤ አንዱን ካርድ ሳትልክ ሌላውን አትከፍትም። የመጡትን መልእክቶች የምታየው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እጇ ስልኩን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ይንቀዋለል ነበር። ሐሙስ ቀን ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስትል የቀረ ሥራ የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና አየች። "ማናንግ፣ ሥራው እኮ ይኸው ነበር። እየቆራረጥኩ ነው ያበዛሁት" አለችኝ።

መግባቱ ቀለላት፤ የከበዳት መውጣቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሯን ዘግታ በኩሽናው በር ትወጣለች፣ አደባባዩን ዞራ በፊት ለፊቱ በር "ደህና ዋላችሁ?" ብላ ትገባለች። በአምስተኛው ቀን እራት እየበሉ ከጓዳው የመልእክት ድምፅ ሲሰማ ሮዶራ ብድግ አለች።

"ናናይ፣ ቢሮው ተዘግቷል" አለቻት ማይሊን እናቷን።

ሮዶራ ቆማ ቀረች። ልጇን አየቻት፤ ቁጭ አለች። "እስቲ ስለ ጭፈራው ንገሪኝ" አለቻት። ማይሊን መናገር ብቻ አልበቃትም፤ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። አርኑልፎ በማንኪያ የድስት ክዳን መታላት፣ ሽማግሌው አጨበጨበ፣ እኔም ጫጫታውን ሰምቼ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሮዶራ እግሯን እየተሳሳተች ከልጇ ጋር ስትጨፍር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ወይዘሮ ሄለን ደወለች። አንድም ካርድ አልተሳሳተም።

"ምን ለወጥሽ?" አለቻት።

"ቢሮዬን ትንሽ ራቅ አደረግኩት።"

"ምን ያህል ይርቃል?"

"በእግር አራት ደቂቃ።"

ሮዶራ ነገሩን ስታስረዳት ወይዘሮ ሄለን በሳቅ ፈረሰች። "ቀድመሽ ከጨረስሽ የተረፈው ጊዜ የራስሽ ነው" ብላም ፈቀደችላት።

ከእኔ ወገን ላሉት፣ ማለትም ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው አጠገባቸው ላለ፣ የምለው አለኝ። በር ስለተከፈተ ብቻ የሰው ጊዜ ክፍት አይደለም። "አምስት ደቂቃ ብቻ" ስትሉ የምትወስዱት ደቂቃውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው የሰበሰበውን ሐሳብም ይዛችሁበት ነው የምትሄዱት። ቤታችሁ የምትሠሩትም ብትሆኑ፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት ካላወቃችሁት ሥራው ቀኑን ሙሉ ይከተላችኋል፤ ግን አይሠራም። አንዱን ጨርሱ፣ ከዚያ ሌላውን ያዙ። ሲያልቅ ደግሞ ዝጉና ወደ ሰዎቻችሁ ኑ።

በመንገዳችን ሮዶራን የመሰሉ ሌሎችም ነበሩ። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የሚሥለው ሩኤል፣ ለኮሪያ ተማሪዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ባልና ሚስት፣ የአንድ ሆቴል ደብዳቤ የምትመልሰው ኔኒታ። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ ጫማ ማድረግ ጀመሩ። አሁን ጠዋት ጠዋት አምስት ሆነው፣ ቦርሳ አንግተው፣ እያወሩ አደባባዩን ይዞራሉ። የሩዝ ቂጣ ሻጯ ይህን አይታ ምድጃዋን ማዕዘኑ ላይ ተክላለች፤ ትኩስ ትኩሱን ትሸጥላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየ ሰው ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ።

"ማናንግ፣ እነዚህ ሰዎች በጠዋቱ ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለኝ።

"ወደ ቤታቸው" አልኩት።

"ከየት መጥተው?"

"ከቤታቸው።"

እንደገና ዞሮ አያቸውና፣ "ደስ ብሏቸዋል ግን" አለ።