በጉም ውስጥ አቤት አይባልም

ቅዳሜ ጠዋት ሕይወት ፊቷን ታጠበች፣ ካደረው ሽሮ ጥቂት በላች፣ የስካውት ሻርፏን አንገቷ ላይ አሰረች። እናቷ ወለሉን እየጠረገች ነበር። ቀና ሳትል «ጃኬትሽን ያዢ» አለቻት። የት እንደምትሄድ አልጠየቀቻትም። ሰኔ ስለገባ የደብረ ታቦር ማለዳ ይበርዳል። ሕይወት ጃኬቷን ይዛ ወጣች።

አባቷ በላይነህ የትምህርት ቤቱን ስካውቶች መንገድ ፍለጋ ያስተምር ነበር። አምና በሰኔ ጉና ተራራ ላይ ጉም ወርዶ አንድ ልጅ ሲጠፋ ሊፈልገው ሄደ። ልጁ ተገኘ። አባቷን ግን በማግስቱ ከገደል ሥር አገኙት። አሁን ክበቡን የያዙት መምህር ደምሴ ናቸው። ዘንድሮ ትንንሾቹን እንድታስተምር የመረጧትም እሳቸው ናቸው።

ከጋፋት በላይ ያለው ጫካ ሲደርሱ መምህር ደምሴ ትልልቆቹን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሕይወት ከትንንሾቹ ጋር ቀረች።

«እሺ፣ ፀሐይ የለም። ኮምፓስም የለም። ምሥራቅን በምን እናገኛለን?»

«በስልክ!» አለ ቢላል።

«ስልክህ ባትሪ ጨርሷል።»

«የኔ አይጨርስም። የለኝማ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሕይወት ማዶ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አሳየቻቸው። «ከጎኑ ያለችው ትንሿ ቤት ቤተልሔም ናት። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። የምትሠራው በምሥራቅ በኩል ነው።»

«እኛ ደግሞ የምንሰግደው ወደ ሰሜን ነው» አለ ቢላል።

«እንግዲያው አንተና ሲሳይ አብራችሁ ከሄዳችሁ አትጠፉም።»

«ከሱ ጋር? እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ ራሱ ይጠፋል!»

ሲሳይ በክርኑ ጎሸመው። ከእብናት ገጠር መጥቶ አክስቱ ቤት ሆኖ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው። በትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ቢላል ብቻ ነው።

ከዚያ ሕይወት ዋናውን ሕግ ነገረቻቸው። «ከጠፋችሁ አትሂዱ። ዛፍ ሥር ቁጭ በሉ። ስትጠሩ መልሱ።» ቃሉ የአባቷ ነበር። ስትናገረው አፏ ውስጥ ከበዳት።

ለእሳት ማንደጃ ጭራሮ እንዲለቅሙ አሰማራቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከላይ እየተንከባለለ መጣና ዛፎቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው። ሕይወት ፊሽካዋን ነፋች። ልጆቹ እየሮጡ ተሰበሰቡ። ሲሳይ ግን አልመጣም።

ከጫካው ታች ገደል አለ።

«ሲሳይ!» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ። «ሲሳይ! ሲሳይ!» ድምፃቸው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ያኔ ነው ከላይ በኩል የሰማችው።

«ሕይወት!»

ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ ነው፣ የስሟን መጨረሻ ትንሽ የሚያስረዝም። ታውቀዋለች። የዛሬው የመጀመሪያው አልነበረም። ከአምና ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ይጠራታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷም ጭምር። በዚህ አገር ልጅ ገና አፉን ሲፈታ የሚነገረው ነገር አለ፤ የማታየው ሰው በጉም ውስጥ ስምህን ቢጠራ አቤት አትበል፣ ከመለስክለት ይወስድሃል። እስከ ዛሬ ከንፈሯን ነክሳ አልፋዋለች። ዛሬ ግን ድምፁ ቅርብ ነበር። ትንሽ ሽቅብ ብትወጣ የምትደርስበት መሰላት።

አንድ እርምጃ ተራመደች።

አንዲት ትንሽ ልጅ ጃኬቷን ጨምድዳ ያዘች። «ወዴት ነው? ጥለሽን ልትሄጂ ነው?»

ሕይወት ባለችበት ቆመች። ያን ጊዜ ገባት። ሲሳይም የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ይሆናል።

«ስሙን አትጥሩ» አለች። «ቢላል፣ ስደበው።»

«ምን?»

«ስደበው! ካንተ በቀር ማንም በማያውቀው ነገር። እኛ መሆናችንን እንዲያውቅ።»

ቢላል አፉን በመዳፉ ጠረገና በኃይል ጮኸ። «አንተ የእብናት ፍየል! ሂሳቡን ከኔ ኮርጀህ ነው ዘጠኝ ያመጣኸው!»

ከዚያ ከታች፣ ከገደሉ በኩል፣ የተናደደ ድምፅ መጣ። «ውሸታም! አንተ ስድስት አምጥተህ እንዴት ነው ካንተ የምኮርጀው?»

«እንዳትነሳ!» አለች ሕይወት። «ቁጭ ብለህ ስደበን፣ እኛ እንመጣለን!»

አንዱ የሌላውን ጃኬት ይዞ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ስድቡን ተከትለው ወረዱ። ሲሳይ አንድ ጽድ አቅፎ ተቀምጧል። ከሱ ወዲያ መሬት አልነበረም።

«ለምን አልመለስክም?» አለችው እጁን ይዛ።

«ሳላይ አቤት እንዳልል እናቴ አስምላኛለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደሞ የምትጣሩት እናንተ ብቻ አልነበራችሁም። አንድ ሰውዬ አንቺን ይጠራሽ ነበር።»

«መምህር ደምሴ ናቸዋ» አለ ቢላል።

«መምህር ደምሴ ታች ናቸው። ያኛው ከላይ ነው።»

ሕይወት ቀና ብላ ወደ ላይ ተመለከተች። እጇን ግን ከሲሳይ እጅ አላላቀቀችም። ይዛው ወደ መጡበት ሽቅብ ጥቂት ካወጣቻቸው በኋላ ድምፁ እንደገና መጣ። «ሕይወት!» የሰሙም ያልሰሙም ልጆች ዓይናቸውን እሷ ላይ ተከሉ።

«አቤት» አለች።

ሲሳይ እጇን ጨመቀው።

«አባባ፣ ልጆች ይዣለሁ። አልመጣም።»

ዞር አለችና እየመራች ወደ መንገዱ አወጣቻቸው። ጋፋት ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ላይ ብዙ ጊዜ ጉም ወርዷል። ሕይወትን የሚጠራት ግን የለም።