ትኩሳት የያዘው ጌም

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም ወዲህ!

አዳማ ውስጥ፣ ነፋሱ ፉፉፉ! እያለ አቧራ በሚያመጣበት ሰፈር፣ ማራኪ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች።

የምትኖረው ከወንድሟ ከቃለአብና ከአክስቷ ከአስካለ ጋር ነው። አክስት አስካለ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ስትስቅ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል!

አክስት አስካለ ከስፌት ስታርፍ ዳንቴል ትሠራለች። ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የሚያምር ዳንቴል። ከዚያ «አቧራ እንዳይነካው» እያለች የቤቱን ዕቃ ታለብሳለች።

ቴሌቪዥኑ ለብሷል። ፍሪጁ ለብሷል። ሬዲዮኑ ለብሷል። የስኳሩ ዕቃ እንኳ ለብሷል!

«አክስቴ፣ አንድ ቦታ ከቆምኩ እኔንም ታለብሺኛለሽ» ይላል ቃለአብ።

«አንተማ ቁመትህ! ክሩ ከየት ይምጣ?» ትለዋለች።

ቃለአብ ጌም አለው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ጥቁር ሳጥን ነው። ሲበራ «ቲት!» ይላል። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ላይ መኪኖቹ ዙውውው!

አንድ ቀን ቃለአብ ለትምህርት ሩቅ ከተማ ሊሄድ ሆነ። ሻንጣውን ዘጋና ማራኪ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ማሪዬ፣ ጌሜን ላንቺ ትቼዋለሁ። አደራ!»

«እሺ! እጠብቀዋለሁ!»

አደራ ትልቅ ነገር ነው። የተሰጠውን አደራ ያልጠበቀ ሰው «አደራ በላ» ይባላል። ማራኪ አደራ በላ መባል በፍጹም አትፈልግም።

ስለዚህ ጌሙን አለበሰችው።

መጀመሪያ አንድ ዳንቴል። ነፋሱ ፉፉፉ! ሲል ሁለተኛ ደረበችለት። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የራሷን ሻርፕ።

«እንዳይበርድህ እሺ?» አለችው። ስትጫወትበትም አታወልቅለትም።

ከዕለታት ባንዱ ማራኪ ጌሙን አበራች። «ቲት!» አለ። መኪናዋ ዙውውው! ልታሸንፍ ትንሽ ቀራት። ትንሽ... ትንሽ...

ድርግም! ጠፋ።

ማራኪ ጌሙን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። እንደገና አበራችው። «ቲት!» አለ። ዙውው...

ድርግም! ጠፋ።

«አሃ! በርዶት ነው» አለች። ሮጣ ሄዳ ትንሿን ብርድ ልብስ አመጣች። ሸፈነችው፣ ጠቀለለችው፣ አበራችው። «ቲት!»

ድርግም! ይባስ ብሎ ቶሎ ጠፋ።

በዚህ መሀል ስልክ ጮኸ። ቂሪሪሪ! ቂሪሪሪ! ቃለአብ ነው።

«ማሪዬ! ቅዳሜ እመጣለሁ! ጌሜ ደህና ነው?»

ማራኪ ተንተባተበች። «ደ... ደህና ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ የተቀመጠ መሰላት። ምሳዋን አልበላችም። የምትወደውን ፓስታ እንኳ አልነካችም።

«ምነው የኔ ሆድ? ማን ነካሽ?» አለቻት አክስቷ።

ማራኪ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አክስቴ፣ አደራ በላሁ! ጌሙን ገደልኩት!»

አክስት አስካለ አልሳቀችም። እጇን ጠረገችና ከብርድ ልብሱ ስር፣ ከሻርፑም ስር፣ ከዳንቴሎቹም ስር አስገባች።

«ውይ! ትኩሳት ይዞታል!»

«በርዶት ነዋ! ሌላ ልጨምርለት?»

«ቆይ ቆይ! የስፌት መኪናዬም አንዳንዴ ትታመማለች። ያኔ ሆዷን ከፍቼ አያታለሁ። ግን መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

ማራኪ ታውቃለች። አክስቷ ሁልጊዜ ትለዋለች።

«ሶኬቱ ይነቀል!»

«ጎሽ!»

ሶኬቱን ነቀሉ። ልብሱን ሁሉ ገፈፉለት። እስኪበርድም ጠበቁት።

ከዚያ አክስት አስካለ የስፌት መኪናዋን ትንሽዬ ካቻቢቴ አመጣች። ካቻቢቴው ሲዞር ጭርጭር! ጭርጭር! ይላል። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ማራኪ በጣሳ ክዳን ተቀበለቻቸው።

«አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!»

ሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ አንዲት ትንሽዬ ማራገቢያ አለች።

«ይቺ አፍንጫው ናት። በዚች ነው የሚተነፍሰው» አለች አክስት አስካለ።

አፍንጫው ግን ተደፍኗል! አቧራው እንደ ጥጥ ሞልቶበታል። በአቧራው ላይ ደግሞ ረጅም ነጭ ክር ተጠምጥሟል።

አክስት አስካለ ክሩን አየችው። ዳንቴሉን አየችው።

«ማሪዬ፣ ይሄ ክር የኔ ነው።»

«ያለበስኩት ግን እኔ ነኝ። እንዳይበርደው ብዬ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ቆንጆ። እኔም አቧራ እንዳይነካው እያልኩ ስንቱን አለብሳለሁ። ለካ ይሄኛው የሚተነፍስ ኖሯል። ወደድነው ብለን አፈንነው።»

አክስቷ ክሩን በቀስታ ሳበችው። ማራኪ አቧራውን በትንሽ ብሩሽ ጠረገች። ጠረግ ጠረግ! እፍፍፍ!

«እንጥሽ!» አለች ማራኪ።

«ይማርሽ!»

«ያኑርሽ!»

«እንጥሽ!» አለች ደግሞ አክስቷ። መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ!

ሳጥኑን መልሰው ገጠሙት። ጭርጭር! ጭርጭር! ማራኪ የጣሳውን ክዳን ስታየው ውስጡ አንዲት ብሎን ቀርታለች።

«ትርፍ ትሆናለች፣ ተያት» አለች አክስቷ።

«አክስቴ! አራት ነበሩ እኮ! አደራ እኮ ነው!»

ሳጥኑን ገልብጠው ፈለጉ። ለካ ጥግ ላይ አንዲት ቀዳዳ ተረስታለች! አራተኛዋም ብሎን ቤቷ ገባች።

አሁን ሶኬቱ ተሰካ። «ቲት!» አለ ጌሙ። ማራኪ ትንፋሿን ያዘች። ጠበቀች... ጠበቀች...

ድርግም የለም!

ማራገቢያዋ ሁሁሁሁ ትላለች። ጌሙ መተንፈስ ጀመረ!

«እስቲ እኔም ልሞክር!» አለች አክስት አስካለና ጆይስቲኩን ተቀበለች። መኪናዋ ጓ! ከግድግዳ ጋር። ጓ! ከዛፍ ጋር።

«ፍሬኑ የት ነው? ኧረ ፍሬኑን ንገሩኝ!»

ማራኪ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆዷ ውስጥ ያለው ድንጋይ ግን ሁሉም አልወጣም ነበር።

ቅዳሜ ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ። ቃለአብ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ ማራኪ ባንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«በስልክ ዋሽቼሃለሁ! ጌሙ ታሞ ነበር! አልብሼው አፍኜው ነበር! ከአክስቴ ጋር ከፍተን ጠረግነው!»

ቃለአብ ጌሙን አየው። ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ተቀምጧል።

«እዚህ ቤት ልብስ ያልለበሰ ዕቃ አየሁ!» አለ።

ማራኪ ግን አልሳቀችም። «አደራ በላ ነኝ?» ብላ ጠየቀችው።

ቃለአብ ቁጢጥ አለና አይን አይኗን አያት። «አደራ በላ ይደብቃል። አንቺ ነገርሽኝ። ደግሞስ ማን አዳነው?»

ያኔ ድንጋዩ ከሆዷ ወጣ። ማራኪ ሁለት ሳህን ፓስታ በላች!

ማታ ቃለአብ አስተኛት። ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገና እስከ ራሷ ድረስ ሸፈናት። «እንዳይበርድሽ!» አላት።

ማራኪ ብቅ! አለች። «ኧረ አፍንጫዬን!»

ከወዲያኛው ክፍል የአክስት አስካለ ሳቅ ተሰማ። ጎረቤቱም ሁሉ ሰማ።

ሶኬቱ ተነቅሏል። ጌሙም ማራኪም ተኝተዋል።

እናንተም ልበሱ፣ እስከ አንገት ድረስ። አፍንጫ ግን ውጭ! ደህና እደሩ።