ከኢን ወንዝ ያወጣሁት ሰው

ተረት መስሏችሁ እንዳታልፉት። የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ጊዜው ኅዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር። ባቫሪያ ውስጥ፣ ኢን ወንዝ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማችን ጉም ውጧታል።

የባሌ የክቪሪን ዘር ማንዘሩ ጀልበኛ ነው። ድሮ ጨው በጀልባ እያመላለሱ ከተማዋን ያቀኗት እነሱ ናቸው። ዋና ግን አይማሩም ነበር። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀም ማንም እጁን አይዘረጋለትም።

«ወንዙ የጠራውን አትንጠቅ» ይላሉ።

እኔ ከተራራው በኩል የመጣሁ ባዳ ነኝ። ስሰማው እስቅ ነበር።

ያን ቀን ክቪሪን ጀልባውን ሊያስር ወደ ውሃው ወረደ። አማቼ አባባ ቤኖ ከጎኔ ቆመዋል።

«ቀስ በል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል!» አሉት።

«አባዬ ደግሞ! ጀልበኛን ስለ ውሃ ትመክራለህ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ...

ሮጬ ስደርስ ውሃው ውስጥ ወድቆ፣ በአንድ እጁ የወንዙን ዳር ግንብ ይዟል። ጮኽኩ። ሰው መጣ። ሥጋ ሻጯ ዚታ ከነሽርጧ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ ሌሎችም።

መጥተው ተደርድረው ቆሙ።

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን ትገተራላችሁ? ገመድ አምጡ እንጂ!»

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

አባባ ቤኖ ጎንበስ አሉ። «ልጄ...» ብለው አንሾካሾኩ። «ልቀቅ። አትታገለው።»

እንባቸው ይወርዳል። እጃቸው ግን አልተዘረጋም።

ክቪሪን ሰመጠ።

በሆዴ ተኝቼ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ዳበስኩ... ዳበስኩ... አንድ እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት።

ወጣ። ይተነፍሳል።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አለችኝ ዚታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ደግፌው ቤት ገባን። ማንም አልተከተለንም።

ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ የጉበት ሾርባ ቀዳሁለት። የሚፈላውን ሾርባ እፍ እንኳ ሳይል ጠጣው።

ማንኪያውን የያዘው በግራ እጁ ነው። ክቪሪን ግራኝ አይደለም።

ደንግጦ ነው አልኩ...

«ጨዉ ደረሰ?» አለኝ።

«የምን ጨው?»

«ጀልባው ላይ የነበረው።»

በከተማችን የጨው ጀልባ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

መጮህ ነበረብኝ። አልጮኽኩም። ውስጤ ባዶ ነበር። ፊቱ የባሌ ፊት ነው... ሾርባ ጨመርኩለት።

በሩ ተንኳኳ። አባባ ቤኖ ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል።

«ነይ ቡርጊ... ድልድዩ ስር አገኘነው።»

«ማንን?»

«ክቪሪንን ነዋ። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነው። ዓይኑን እኔ ከደንኩለት።»

«ምን ይላሉ አባባ? ክቪሪን እኮ እዚሁ...»

በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ። ከንፈራቸው ነጣ።

«ቀስ ብለሽ ውጪ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወደ ኋላ እንዳትዞሪ።»

የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

ከኋላዬ ማንኪያው ባዶውን ሳህን ይፍቃል... ይፍቃል... ይፍቃል...

ቆመ።

ቀዝቃዛ ውሃ ወለሉን አቋርጦ መጣና፣ ተረከዜን ነካኝ።