የዱሺክ የመጨረሻ ቅብ

ናንሂ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ወደ ሰፈሩ መታጠቢያ ቤት አልሄደችም። በቶንግዮንግ ወደብ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሳይታወቅ አይቀርም። ሴቶቹ በሙቅ ውሃው ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተዘፍቀው ተወያዩበት። ከፊሎቹ ሐዘኑ ጎድቷታል አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ዋና ከተማው ሴኡል የምትኖረው ልጇ ቦራም ልትወስዳት ነው አሉ።

ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ባሏ ዱሺክ ሳንባው ታሞ ከመተኛቱ በፊት በነበረው እሑድ ፀጉሯን ቀብቷት ነበር። ያ ቀለም አሁንም ራሷ ላይ አለ። ናንሂ እንዲለቅ አልፈለገችም።

ስለዚህ ከእንፋሎትና ከሙቅ ውሃ ራቀች፤ ሁለቱም ቀለም ያላቅቃሉ። ፀጉሯን የምታጥበው አልፎ አልፎ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሻምፖ ነው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበታለች። በፎጣ አታሸውም፣ ጫን ጫን እያደረገች ታደርቀዋለች። ፀሐይ ሲበረታ ሻሽ ታስራለች። ይህን ሁሉ ያስተማራት እሱ ነበር፤ እሷም አንዱንም ሳታጓድል ትፈጽመዋለች።

ፀጉር ግን ያድጋል። በየማለዳው መስታወት ፊት ቆማ መሃል ራሷን ትከፍላለች። ነጩ ከሥር እየገፋ፣ ጥቁሩ ወደ ታች እየሸሸ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ማልሱን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ማልሱን ወደቡ ላይ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የምትሸጥ፣ ከልጅነት ጀምሮ የናንሂ ጓደኛ የሆነች ሴት ናት።

«አንቺ ሴትዮ! ሞተሽም ከሆነ ንገሪኝና ቁርጤን ልወቅ!»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! መታጠቢያ ቤት ጀርባዬን የሚያሽልኝ ጠፍቶ እንደ አሮጌ ጀልባ ዝጌያለሁ። ደግሞ ቤት ውስጥ ሻሽ ምንድን ነው? አውልቂው እስቲ!»

ናንሂ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ሻሹን ፈታችው።

ማልሱን ዙሪያዋን ዞረች። «ይሄ ምንድን ነው? ላዩ በረዶ፣ ታቹ ከሰል! ቀለም እኮ በየሱቁ ሞልቷል።»

«ታቹ የቦራም አባት የቀባው ነው» አለች ናንሂ።

ማልሱን ሻሹን ከናንሂ እጅ ወስዳ አጣጠፈችው። ወለሉ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ናንሂም አጠገቧ። ሁለቱም ያንኑ የድሮ ዝናብ አስታወሱ።

ያኔ ናንሂ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በአባቷ ወገን ሽበት ቀድሞ ይወጣል፤ እሷም ትምህርት ቤት ሳለች ጀምሮ ጆሮ ግንዷ አካባቢ ነጥቶ ነበር። እናቷ በዱቄት የሚሸጠውን ቀለም በውሃ በጥብጣ ጓሮ ውስጥ ትቀባት ነበር። «ባል እስክታገኚ ማንም እንዳያይብሽ» ትላታለች።

በክረምቱ ዝናብ ሰሞን አንድ ጠዋት ናንሂ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ቀለሙ በደንብ ሳይዝ አጥባው፣ አክስቷ ወደምትኖርበት ደሴት ለመሻገር ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆማለች። ዝናቡ ወረደ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች አየት እያደረጓት ዓይናቸውን ይሰብራሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን የታቀፈ አንድ ወጣት ግን ቀጥ ብሎ መጣ።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንገትዎ ላይ ጥቁር ነገር እየወረደ ነው።»

«ዝናብ ነው።»

«የዚህ አገር ዝናብ እንኳ ጥቁር ሆኖ አያውቅም።»

ሣጥኑን የጠቀለለበትን ጨርቅ ፈትቶ ሰጣት። ነጭ ሸሚዟ ትከሻው ድረስ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። እፍረቷን ለመሸሽ ሣጥኑን አየች። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ከዛጎል ስባሪ የተሠሩ ሽመላዎች ያብረቀርቃሉ። ዝናቡ እየዘነበበት ነው።

«ሣጥንዎ ይበሰብሳል!» አለች።

«አይበሰብስም። የሱ ቅብ ደርቋል። ያልደረቀው የእርስዎ ነው።»

መቆጣት ነበረባት፤ ሳቋ ቀደማት። ጨርቁን ስትመልስለት እጁን አየች። ከዛፍ ደምቶ የሚወጣውን ጥቁር ሙጫ እንጨት ላይ ሲቀባ ስለሚውል የጥፍሮቹ ዙሪያ ጠቁሯል። እሱም የእሷን እጅ አየ። የእሷም ጥፍሮች ዙሪያ እንደዚያው ጥቁር ነበር። ጀልባዋ ጡሩንባዋን ነፋች።

ከደሴቱ ስትመለስ እዚያው ቆሞ አገኘችው። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ዝናቡን ለማየት።»

«በዚህ ጠራራ ፀሐይ?»

«እኮ፣ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።»

ስሙ ዱሺክ ነው። በቃሉ ቁጥብ፣ በዓይኑ ግን ለጋስ ነበር። ፀደይ ሲመጣ «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። በጋው ሲጋመስ የሁለቱ ቤተሰቦች ምግብ ቤት ተገናኝተው እንዲተያዩ ቀን ተቆረጠ። ያ ቀን ካላማረ ሰርግ የለም። የዱሺክ እናት ደግሞ አንዲት ክር ከልብስ ላይ ተመዝዛ ብትታይ የማያልፉ ሴት ናቸው።

«ቀለሙ ቢለቅብኝስ?» አለችው ናንሂ። «የማፍርበት ቀን ያ ነው።»

ዱሺክ አሰበ። በሙያው የሚያውቀውን አንድ ነገር ነገራት። የዛፉ ሙጫ በነፋስና በፀሐይ አይደርቅም። እርጥብ ጨርቅ በተንጠለጠለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት፣ እርጥበት እየጠጣ ነው የሚጠነክረው።

«ስለዚህ ከተቀባሽ በኋላ ራስሽን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለሽ ቆዪ። እስክትመጪ ድረስ እንዳይደርቅ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የአያቴ ሣጥን እስከ ዛሬ ያበራል።»

አመነችው። ሌሊቱንም ጠዋቱንም ፎጣውን እያራሰች ቆየች። ከዚያም ነጭ አንገትጌ ያለውን የባህል ልብሷን ለብሳ፣ ያልደረቀ ፀጉሯን ጠቅልላ በፀጉር መርፌ አስያዘችው። ምግብ ቤቱ ደረሰች። በዱሺክ እናት ፊት ተንበርክካ ግንባሯ ወለል እስኪነካ እጅ ነሳች። ቀና ስትል አንድ ጥቁር ጠብታ ከጆሮዋ ሥር ወርዶ አንገትጌዋ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ምንጣፉ ላይ አረፈ።

እናትየው የያዙት የመብያ እንጨት ከእጃቸው ወደቀ።

«ኧረ ልጅቷ ታፈስሳለች!»

ማንም አልሳቀም። የናንሂ እናት በመሐረብ ስትጠርገው ከጆሮ ግንዷ ላይ ነጩ ብቅ አለ።

«በሃያ ሁለት ዓመቷ እንዲህ የሸበተች» አሉ የዱሺክ እናት፣ ጥቁር አንጸባራቂ ጉንጉናቸውን እያስተካከሉ፣ «የልጅ ልጅ ሳታሳየኝ ታረጃለች። አይሆንም።»

ዱሺክ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ እርጥብ ፎጣ ያልኳት» ብሎ ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ሊሰማው! ወዲያው ተበተኑ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ናንሂ ልትሰናበተው ወደሚሠራበት ቤት ሄደች። ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ ቆርጣው ነበር። ዱሺክ አየት አድርጓት ጎንበስ አለ።

«የተቆረጠውስ የት አለ?»

«ምኑ?»

«ፀጉርሽ።»

«ቅርጫት ውስጥ። እናቴ ልታቃጥለው ነው።»

«እንዳታስቃጥያት። ለኔ ስጪኝ።»

ለመታሰቢያ የፈለገው መሰላትና ልቧ ተነካ። በወረቀት ጠቅልላ ላከችለት። ነገሩ ያበቃ መሰላት።

የመኸር በዓል ዋዜማ መጣ። በዚያ ቀን መታጠቢያ ቤቱ ጢም ይላል፤ በዓልን ሳይታጠብ የሚቀበል የለም። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ፀጉር መቀባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለሙ ሸክላውን ያበላሻል። ናንሂ ዝቅ ባለችው መቀመጫ ላይ ሆና ስትታጠብ፣ ተቆጣጣሪዋ ስትጮህ ሰማች።

«በቦዩ ጥቁር ውሃ እየወረደ ነው! ማናት የቀባችው? አሁኑኑ ትውጣ!»

ናንሂ ቦዩን ሽቅብ በዓይኗ ተከተለችው። ከምሰሶው ጀርባ አንዲት ሴት ራሳቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ተኮራምተዋል። የዱሺክ እናት ነበሩ። ከከረጢቱ ዳር ነጭ ፀጉር ይታያል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የእናትየው ፊት ሳምባ መሰለ።

ናንሂ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንቺ ነሻ! የምታፈስሰው ልጅ! ካንቺ ሌላማ ማን ይሆናል?»

ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። ናንሂ ከዚህ በኋላ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ብሩሽ ተቀብላ ሸክላውን እስኪጠራ ፈተገችው። ወደ ቦታዋ ተመልሳ እንደተቀመጠች ከኋላዋ ሰው መጣ። ሻካራ የእጅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ጎንበስ በይ» አሉ የዱሺክ እናት።

ጀርባዋን ያሿት ጀመር፤ ቆዳዋ እስኪቀላ፣ በሰው ፊት፣ ለገዛ ልጅ እንደሚደረገው።

«ዱሺክ እንዳይሰማ።»

«ምኑን፣ እማማ?»

እጃቸው ለአፍታ ቆመ። «ብልህ ነሽ» አሉና ማሸታቸውን ቀጠሉ። «ከዱቄቱ የተሻለ ቀለም ካገኘሽ ደግሞ አትደብቂኝ።»

ቅጠሉ ሳይረግፍ ተጋቡ።

ከሰርጉ በኋላ ባለው እሑድ ዱሺክ አንድ ጠፍጣፋ ብሩሽ አወጣላት። ጥሩ የቅብ ብሩሽ ከሴት ፀጉር ነው የሚሠራው። ፀጉሩ እንደ እርሳስ ልብ በእንጨቱ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል።

«የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው። ሙጫ አይነካውም። ላንቺ ራስ ብቻ ነው።»

«ጫፉ ሲያልቅስ?»

«እንጨቱን እቀርፈዋለሁ፤ አዲስ ፀጉር ይወጣል።»

«ውስጥ ያለው ሁሉ ሲያልቅስ?»

«ያኔ እኛም አልቀናል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሯን ሌላ ሰው ቀብቶት አያውቅም። ዱሺክ አንዴ ተሳስቶ ስለነበር ሁለተኛ ላለመሳሳት ሁሉንም እያየ ተማረ። ቅባት እንዳይኖረው በዋዜማው ያሳጥባታል። ሽበቱ እልኸኛ ከሆነበት ከጆሮ ግንድና ከግንባር ይጀምራል፤ እዚያ ቀለሙ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ካለቀለቀው በኋላ ሙሉ ለሙሉ ያደርቀዋል፤ በማግስቱም ውሃ አያስነካትም። እሷም በየጊዜው ሥራው መሃል ዞር ትልና «እርጥብ ፎጣ ላምጣ?» ትለዋለች። እሱም በየጊዜው ጆሮው ይቀላል። ብሩሹ እያጠረ፣ እነሱም እያረጁ ሄዱ።

ወለሉ ላይ ከጎኗ የተቀመጠችው ማልሱን ወደ ናንሂ ዞረች። «ታዲያ እንዲህ ሆነሽ ልትኖሪ ነው?»

«አዲስ ከቀባሁበት የሱ ይሸፈናል።»

«እሱ ራሱ ሲቀባሽ ሁሉንም ነበር የሚቀባሽ?»

«የለም፣ ሥሩን ብቻ ነው። የቆየ ቅብ ላይ ደጋግመህ ከደረብክ ይሞታል፣ አዲሱን ዳሩ ላይ ብቻ አገናኘው ይል ነበር…» የናንሂ ጣቶች ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበትን ቦታ ዳሰሱ።

ማልሱን እጅጌዋን ሰበሰበች። «እንግዲያው እኔም የሱን አልነካም። አምጪ ቀለምሽን።»

ብሩሹ መሳቢያ ውስጥ በወረቀት እንደተጠቀለለ ነበር። በዚያ የመጨረሻ እሑድ ዱሺክ ሳል ስለያዘው ሳያጥበው ነው የተኛው። ጫፉ ከመጨረሻው ቀለም ጋር ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ናንሂ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት።

«እሱማ አልቆለታል» አለች ማልሱን በለሆሳስ። «የቀለሙ ካርቶን ውስጥ የፕላስቲክ ብሩሽ አለ።»

ናንሂ ብሩሹን ይዛ ተነሣች። ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ሄዳ የዱሺክን ትንሽ ቢላ አመጣች። ሲቀርፈው ደጋግማ አይታለች። የደረቀውን ጫፍ መቁረጥ ግን ከበዳት፤ ቢላውን አስጠግታ መለሰችው። ከዚያ ቆረጠችው፤ የተቆረጠውንም በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው። ከእንጨቱ ዳር በስሱ ቀረፈች። ፀጉር ብቅ አለ፤ ለስላሳ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት። በጣቷ አፍታታችው።

«የማን ፀጉር ነው?» አለች ማልሱን።

«ዝናብ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ነበረች።»

ማልሱን ብሩሹን ተቀብላ ከጆሮ ግንዷ ጀመረች። ምላሷን በከንፈሯ መሃል አውጥታ፣ እንደ ልጅ ተጠንቅቃ፣ ነጩ ጥቁሩን እስከሚነካበት ድረስ ብቻ ቀባች። መሃል ላይ እጇን አቆመች።

«እርጥብ ፎጣ ላምጣልሽ?»

ናንሂ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ከልቅሶም ተመልሶ መጣ። ማልሱን ብሩሹን ወደ ላይ ይዛ ጠበቀቻት።

ፀጉሯ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ናንሂ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። መሃል ራሷን ከፍላ መስታወቱን አስጠጋች። የሱ ቅብ የሚያበቃበትን፣ አዲሱ የሚጀምርበትን መስመር ፈለገች። ወደ ብርሃኑ ዞራ እንደገና ፈለገች። አጣችው።

ከዚያ ብሩሹን ራሷ በለብታ ውሃ አጠበችው፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ወደ ብርሃን አንሥታ የቀረውን እንጨት አየች። አውራ ጣት ታህል ቀርታለች።

«ገና አላለቅንም» አለችና ጫፉን ቁልቁል አድርጋ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው።