ዳገቱ ላይ የጠፋው ሞተር

የጋሽ ቀስታ ሬሳ የተገኘው በአሮጌዋ ቫንና በድንጋይ ግንቡ መካከል ተጣብቆ ነው። ያየው ከሥራ ሲመለስ የነበረ ድንጋይ ጠራቢ ሲሆን ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኗል። ቫኗ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አቅንታ፣ ጀርባዋን ግንቡ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ሞተሯ ጠፍቷል። ሰውየው በቀኝ እጁ ቀጭን ዱላ እንደጨበጠ ቀርቷል፤ የነዳጁ መክደኛ አጠገቡ ወድቋል።

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለአንድ ላውንደሪ ሲነዳ ማንንም ቀድሞ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ጋሽ ቀስታ» አለው፤ እሱም ወዶት ቀረ።

ኢንስፔክተሯ የሾፌሩን በር ከፈተች፤ ምንም ሳትነካም ረጅም ጊዜ ተመለከተች። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። ማርሹ አንደኛ ላይ ገብቷል። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረገው የእንጨት ታኮ ከወንበሩ ሥር፣ በቦታው ተቀምጧል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «አርጅታለች። ሞተር ይጠፋባታል፣ ማርሽ ይዘልባታል። ዳገቱ ላይ ጠፋችበት፤ ነዳጅ ሊያይ ወረደ፤ ተንሸራታ ያዘችው። ባለፈው ሳምንት ጠግኜአለሁ ብሎ ያስረከበ መካኒክ አለ፤ እሱን ይዘነዋል።»

«ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር ዝግ?»

«ዝግ።»

«ውስጥ የነካኸው ነገር አለ?»

«እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የቆምኩት፣ ኢንስፔክተር። ባለፈው የተቆጡኝን አልረሳሁም።»

በማግስቱ ጠዋት የመካኒኩ እናት የጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ኢንስፔክተሯን ጠበቀቻት። ሹራብና ፎጣ በፌስታል ይዛለች። ሌሊቱን በሐሳቧ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ፍርዱን ሰምታ፣ ልጇን እስር ቤት ለመጠየቅ ተመላልሳ፣ አርጅታ፣ እሱ ሳይፈታ ሞታ ነው የነጋላት። ያላት እሱ ብቻ ነው።

«አሥር ዓመት ይፈረድበታል አይደል?» አለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ገና ምንም አልተባለም፣ እናቴ።»

«አሥራ አምስት ነው ማለት ነው። ሊነግሩኝ ፈርተው ነው።»

«ልጅዎ ትናንት ከሰዓት የት ነበር?»

«ጋራዡ ውስጥ፣ ብቻውን። ብቻውን መሆኑ ነው እኮ የገደለኝ! ሰው ይይህ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይመሰክርልሃል እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። አይሰማም።»

ኢንስፔክተሯ ራሷም ቤቷ ስትገባ የሚያያት ሰው የለም።

መካኒኩ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የገባ፣ ሠላሳውን ያለፈ ሰው ነው። ሲናገር እጁን እንጂ ሰው አያይም።

«ያየሁትን ሠርቻለሁ። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፓምፕ ቀየርኩ፣ መስመሩን በአየር ነፋሁ። ግን እኔ ጋ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም! መንገድ ላይ ትጠፋለች ይሉኛል፤ ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ ናት። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው።»

«ማርሹስ?»

«ካምቢዮው መፈታት አለበት ብዬ ለላውንደሪው ባለቤት ለእትዬ ሁለቴ ነግሬአቸዋለሁ። ይደርሳል አሉኝ።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«እሱን ነው የማጣራው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ከሆስፒታል ስልክ የተደወለው ያኔ ነው። ሐኪሙ አጭር ነገር ነገራት፦ ሰውየው እንደተጣበቀ ወዲያው አልሞተም። ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር። ስልኩን ዘግታ ዳገቱን አሰበች። ያ መንገድ ከሰዓት በኋላ ሰው አያልፍበትም።

ላውንደሪው በእንፋሎት ታፍኗል። ባለቤቲቱ ጥቁር የለበሰች፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ የምትቀመጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ወጣ» አለች። «በዓይኔ ነው የሸኘሁት። ለእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ጭኖ ነበር። ዳገቱ ከዚህ ሰባት ደቂቃ ነው። ያ መካኒክ ተብዬ ነው ሰውየውን የበላው፤ እንዳይለቀቅብኝ።»

«እርስዎ ከዚያ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከግቢው አልወጣሁም።»

ታናሽ ወንድሟ ደንበኛ ተቀባይ ነው። ግራ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጧል።

«መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ያቺን ቫን ግን አልነካም። ቫኗ በዕድሜ ታላቄ እኮ ናት፤ ሳያት ከመቀመጫዬ ነው የምነሳላት።» ሳቀ፤ ማንም ስላልሳቀለት አቆመ። «ትናንት ከስምንት እስከ አሥር የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበርኩ። ይኸው ካርዱ። ይኸው ጉንጩም።»

ሦስተኛዋ ጓሮ ባለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ የምትቆም ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ደነገጠች፤ እዚያ ክፍል ተቀምጦ የሚያወራት ሰው ለምዳ አታውቅም።

«ጋሽ ቀስታ ሲወጣ ጥሩምባ ይነፋልኛል። ወጥቼ የግቢውን ትልቅ በር ከውስጥ እቀረቅራለሁ። ትናንት አልነፋም።»

«ከመውጣቱ በፊት ምን ሲያደርግ አየሽው?»

«የዘወትሩን ነዋ። የነዳጅ መቁጠሪያዋ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ መክደኛውን ከፍቶ በዱላ ለካ። መንገድ ላይ ስትጠፋበትም ይኸንኑ ያደርጋል፦ ወርዶ ይከፍታል፣ ዱላውን ይነክራል፣ ነዳጅ እንዳለ ያያል፣ ይዘጋል፣ ያስነሳታል። ትነሳለች።»

«በሩ ክፍት ቀረ ታዲያ?»

«ኧረ! አሥር ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልደፋ ብወጣ ከውጭ ተቆልፏል። ውስጥ ሰው መኖሩን እንኳ አያስታውሱም ብዬ ተናደድኩ። እትዬን ብጠራቸው በሱቁ በር ዞረው ከፈቱልኝ።»

«ቁልፉስ?»

«ሁለት ነው። አንዱ እትዬ አንገት ላይ ነው፤ አንዱ ደግሞ ያ ሚስማር ላይ፤ ከተሰቀለ ወርዶ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስማሩ ቀርባ አየች። ቁልፉ ላይ የተጋገረው አቧራ ጣት አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩን ከጣቢያ አውጥታ ቫኗን እንዲነዳ አዘዘችው። ነዳጁን በዱላ ለኩ፤ መክደኛውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ፤ እሷም ሰዓቷን ያዘች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ቫኗ እንደ ልብ ሄደች። መካኒኩ ላብ አጠመቀው፤ ጤነኛ ከሆነችበት ማን ያምነዋል? በሃያኛው ደቂቃ ጉልበቷ ላላ። በሃያ ሁለተኛው፣ አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ ተንገጫግጫ ጠፋች።

መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ማርሹን ወደ ኋላ ማርሽ ከተተና ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«ቆይ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው። ሌላው ሰው አንደኛ አይደል የሚያስገባው?»

«ሌላ መኪና ላይ አዎ። የዚች አንደኛ አትታመንም፣ ክብደት ሲያርፍባት ዘላ ትወጣለች። ጋሽ ቀስታም እኔም ሁሌ ኋላ ማርሽ ነን። እጅ ፍሬኑም ለስሙ ነው።» ታኮውን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ጎማው ሥር ወሸቀ። «ይኸንን ሳያስገባ ወደ ኋላዋ ዞሮ አያውቅም።»

«አሁን መክደኛውን ክፈት።»

መክደኛው ሲላላ የነዳጅ ቋቱ ረጅም ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው ሲጥ አለ። መካኒኩ እጁ ደርቆ ቀረ። ሲያስነሳት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እሱ ግን መሪው ላይ ተደፋ።

«መክደኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ሁሉም በላውንደሪው ግቢ፣ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ተሰበሰቡ። የመካኒኩ እናት የልጇን እጅጌ ይዛ አልለቅ ብላለች።

«ከሞተሩ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ነዳጅ ከቋቱ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የድሮው መክደኛ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። እሱ ሲጠፋ ከሌላ መኪና የመጣ ድፍን መክደኛ ተተካ። ስለዚህ ቫኗ ሃያ ደቂቃ ሄዳ ትታፈናለች። ጋሽ ቀስታ ነዳጅ አለቀ ብሎ ሊለካ ይከፍታል፤ አየር ይገባል፤ ትነሳለች። ያዳናት መክፈቱ መሆኑን እሱም አላወቀ። ጋራዥ ስትገባ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ስለማትነዳ እዚያ አትጠፋም። መክደኛውን የሰጠው መካኒኩ ነው።»

«ወየው ጉዴ!» አለች እናቲቱ። «ይኸው! አላልኩም?»

«አልጨረስኩም፣ እናቴ። እሱ ስህተት ነው፤ ሰው የሞተው ግን በዚያ አይደለም። አንድ ጠንቃቃ ሰው ዳገት ላይ ታኮ ሳያስገባ መኪናው ጀርባ ለምን ይቆማል? ፍሬኑን የረገጠለት ሰው ውስጥ ካለ ብቻ ነው።»

ወንድምየው ያበጠ ጉንጩን ይዞ ቀና አለ።

«ማርሹን እዩት። ቫኗ ወደ ኋላ የወረደችው ማርሽ ሳይገባ ነው፤ አንደኛ ዘላ ብትወጣ እንኳ የማርሹ ዘንግ መሀል ላይ ነበር የሚገኘው። እኔ ግን አንደኛ ላይ ገብቶ ነው ያገኘሁት። ግንብ ላይ የተጣበቀ ሰው ተመልሶ ማርሽ አያስገባም። ያስገባው ሌላ ሰው ነው፤ ከአደጋው በኋላ ነው። ይህ ሰው መካኒኩ ቢሆን እጁ ሳያስበው ኋላ ማርሽ ያስገባ ነበር፤ ትናንት አይቼዋለሁ። አንደኛን ያመነ ሰው መንዳት ያውቃል፣ ይህችን ቫን ግን አያውቅም።»

«እኔ ጥርስ ሐኪም ነበርኩ!» አለ ወንድምየው።

«ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ጩኸትዎን እስካሁን ያስታውሳሉ። ይልቅ ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከመነሳቱ በፊት መክደኛውን ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ቫኗ ዳገቱ ላይ የጠፋችው ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ነው። ከዚህ እስከ ዳገቱ ግን ሰባት ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ሐኪሙም የተጣበቀበትን ሰዓት ወደ ዘጠኝ ተኩል ግድም ያደርገዋል፤ እንግዲያው ከዚህ የወጣው ቢዘገይ ዘጠኝ ከአሥር ላይ ነው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ በዓይኔ ሸኘሁት ያለ ሰው ያላየውን ነው የነገረኝ።»

ካውያ የምትይዘው ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«በመጨረሻም ትልቁ በር። ጥሩምባ አልተነፋም፤ ሾፌሩ ለመዝጋት ሌላ ሰው አላስፈለገውምና። አብሮት የወጣው ሰው ከውጭ ቆለፈው። የሚስማሩ ቁልፍ አልተነካም።»

ሁሉም ወደ ባለቤቲቱ አንገት አዩ። እሷ ቁልፉን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ከአሮጌው ፋብሪካ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ያስተምረኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ መንዳት ተማረች ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ለማንም አልነገርኩም። ልጄ ያለችበት ከተማ ማንንም ሳልለምን ልሄድ ብዬ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር የምስቀው።»

«ከዚያስ?»

«ስንመለስ ዳገቱ ላይ ጠፋች። ማርሹን አውጥተሽ ፍሬኑን ርገጪ፣ መጣሁ አለኝ። ሞተሩ ስለጠፋ እግሬ ሥር ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ፤ ብረግጠውም አልያዘም፤ መውረድ ጀመረች። ስትቆም አንደኛ አስገብቼ እጅ ፍሬን ሳብኩ። ሁሌ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ፤ በሌላ መኪና የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስለምገባ። ዞሬ አየሁት። ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ሞቷል ብዬ በአቋራጩ ሮጥኩ።»

«አልሞተም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ግማሽ ሰዓት ቆይቷል። እዚህ ከደረሱ በኋላ እንኳ ስልክ አንስተው ቢሆን ጊዜ ነበር። እርስዎ ግን አላነሱም፤ በማግስቱም ይህ የሰው ልጅ እንዳይለቀቅ ብለው ነገሩኝ።»

ፖሊሱ ባለቤቲቱን ሲያስነሳት ወገቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበጠ። ወንድሟ እስከ መኪናው ተከተላት።

«አንተ መሄድ ትችላለህ» አለችው ኢንስፔክተሯ መካኒኩን።

«ነገ ደግሞ ትጠሩታላችሁ» አለች እናቲቱ።

«አንጠራውም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እማ፣ በቃ» አለ ልጇ። ተቃቅፈው ቆሙ።

ኢንስፔክተሯ ማኅደሯን ስትዘጋ አንዲት ወረቀት ቀረች። «ሆስፒታሉ አስከሬኑን ፈርሞ የሚረከብ ሰው ይፈልጋል። ቤቱን ፈትሸናል፤ የዘመድ ስልክ የለም። ደብዳቤም የለም። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

ካውያ የምትይዘው ሴት አለቀሰች። ነፋሱ አንሶላዎቹን አነሳና መለሰ።

የመካኒኩ እናት የልጇን እጅጌ ለቀቀች።

«የቱ ጋ ነው የሚፈረመው?» አለች። «ብቻውን የቆየው ይበቃዋል።»