ሲሙሌሽኑ ካበቃ በኋላ

ይህ የሆነ ነገር ነው። «ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ! አብሮኝ ያየ ሰው አለ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሟች ወንድሜ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች።

ታላቅ ወንድሜ የልብ ምት ለሚያሳይ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ይሠራ ነበር። አለቆቹ «ሰርኪዩትህ ምቱን ያዛባል» ብለው አገዱት። ብዙም ሳይቆይ የራሱ ልብ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ኮሚቴ ተቀምጦ ጥፋቱን በስሙ ሊያጸድቅ ነው። በሞተ ሰው ላይ!

እኔም የዚሁ ሙያ ሰው ነኝና የአለቆቹን ስህተት አገኘሁት። ሰርኪዩት በኮምፒውተር የሚሞከርበት ሲሙሌሽን የሞገዱን ነጥቦች በእኩል ርቀት አይመዘግብም። ሞገዱ ሲፈጥን ያቀራርባቸዋል፣ ሲረጋ ያራርቃቸዋል። እነዚያ ሊቃውንት ግን ውጤቱን በፋይል አውጥተው፣ ማለትም ኤክስፖርት አድርገው፣ በሌላ ሶፍትዌር ሲስሉት፣ የጊዜውን ዓምድ ጥለው ነጥቦቹን እኩል ደረደሯቸው። ደህናው ምት ተጣመመ። ሰው የገደለ ስንፍና!

የወንድሜ ባልደረባ በሩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ፊውዝ፣ ዛሬም ልትቃጠዪ ነው?» ቶሎ ስለምቆጣ «ፊውዝ» ነው የሚለኝ።

«ዝም ብለህ እይ።» የወንድሜን ሰርኪዩት በሲሙሌሽኑ አስኬድኩ።

ኤክስፖርት አደረግሁ። ጊዜውን በአግድም፣ ቮልቴጁን በቁም አድርጌ ሳልኩት።

ያማረ፣ የተስተካከለ ምት... ወንድሜ ንጹሕ ነበር። እንባዬ መጣ።

«ቆይ...» አለ ባልደረባው በሹክሹክታ። «ሲሙሌሽኑ የት ላይ እንዲቆም ነው ያዘዝሽው?»

«አሥረኛው ሰከንድ ላይ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ሞገዱ አልቆመም...

አሥረኛውን ሰከንድ አልፎ ይመታል። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ያስገባነው ምት አንድ ዓይነት ነው። ይሄኛው ግን ይደክማል... ይዘልላል... ይመለሳል።

ወደ ሲሙሌሽኑ መስኮት ዞርኩ። እዚያ ሞገዱ በቦታው ተቆርጧል። ትርፉ ምት ያለው ፋይሉ ውስጥ ብቻ ነው።

ደግሜ ኤክስፖርት አደረግሁ።

ትርፉ ረዝሟል።

«እንዲህ ሆኖ ከሄደ አጭበርብራለች ይሉሻል» አለኝ። «ትርፉን ቁረጪው።»

«አንተ ቁረጠው።»

«እኔ?... እኔ እጄን አላስገባም፣ እህቴ።»

ዘጠኝ ሊሆን ነው። የፋይሉን ትርፍ መስመሮች መረጥኳቸው።

ግራፉ ላይ ምቱ ፈጠነ። እንደ ፈራ ሰው...

«ወንድም ጋሼ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ስምህን ላጠራልህ ብዬ ነው... እሺ?»

ምቱ አልረጋም።

አጠፋኋቸው። ፋይሉን ለኮሚቴው ላክሁ።

ኮሚቴው ስሙን አጸዳ። እናታችን የይቅርታውን ወረቀት ስማ አለቀሰች። እኔ ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ፋይሉን ከላክሁ በኋላ ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ባልደረባው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማውሱን የነካ የለም።

የማውሱ ቀስት ግን ብቻዋን ተንቀሳቀሰች። ሞገዱ ወደተቆረጠበት ጫፍ ሄደች...

ከዚያ ባዶው ነጭ ላይ እንደ ልብ ምት ወጣች... ወረደች... ወጣች...

በጣም በቀስታ።