የጨለመው ስክሪን

«የይለፍ ቃሌን ማን ሰጠህ፣ አባዬ?» አለች ትልቋ ልጅ።

የታናሿ የሚጡ ማንኪያ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ማንም አልሰጠኝም። የምሠራውን ቁም ሳጥን ፎቶ ልይ ብዬ የቤቱን ኮምፒውተር ማውስ ብነካ ማመልከቻሽ ፊቴ ድቅን አለ።» አባትየው አናጺ ነው፤ ከመዶሻ በቀር ጩኸት አይወድም። አሁንም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ውሸት! ኮምፒውተሩ በአስር ደቂቃ ይተኛል፤ ሲነቃ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር፤ በርብረህ ነው ያገኘኸው!»

ትልቋ ልጅ ነርስ ናት። ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ለመቀጠር ማመልከቷን ደህና ቀን ጠብቃ ራሷ ልትነግረው አስባ ነበር።

«እኔ ልጄን የምሰልል ሰው ነኝ?» አለ አባትየው። «በአፍሽ መንገሩ ከብዶሽ ሆን ብለሽ ከፍተሽ የተውሽልኝ ነበር የመሰለኝ።» ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጓሮ ወዳለው የእንጨት መሥሪያው ሄደ። ትልቋም መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

እውነቱን የምታውቀው ሚጡ ብቻ ናት። ትናንት ለባዮሎጂ የሠራችው ቪዲዮ ተቀናብሮ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን በየመሀሉ እያንቀላፋ አስቸገራት። የኃይል ማስተካከያው ውስጥ ገብታ «በፍጹም አይተኛ» አለችው። ስክሪኑ እንደ ወትሮው ይጠፋል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው መቆለፊያ ግን የሚመጣው ከእንቅልፉ ጋር ነበር፤ እንቅልፉ ሲቀር እሱም ቀረ። የቤቱ «ኢንጂነር» የምትባለው ሚጡ ይህን አላሰበችም፤ መመለሱንም ረሳች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ማንም አልጠየቃትም፤ አሁን ሹልክ ብላ በሁለት ክሊክ ብትመልሰው የሚነቃባት የለም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ማስተካከያውን ከፈተች።

ከጓሮ የመጋዝ ድምፅ አይሰማም። አባቷ ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ከመኝታ ቤት ደግሞ እህቷ ስትናፈጥ ሰማች። ሚጡ ፈራች፣ አፈረችም። ሁለቱ ደግሞ ኩርፊያ ሲይዙ ሳምንት አይበቃቸውም።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ኮምፒውተሩ ጋ ነይ፤ የማሳይሽ ነገር አለ። ቆይ፣ አባዬን ልጥራው።»

«እሱን ለምን?»

«ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው የምናገረው» አለችና ሐሳቧን ሳትቀይር በፊት ወደ ጓሮ ሮጠች።